ጣርማ በር ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ

ስለ ጣሊያን ጊዜ ሲወራ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። የሌላው ሰው ጨዋታ ያምራል። አሁን አሁን የማገኘው ሰው ሁሉ በዚያን ጊዜ ዱር ነበር፤ ዱር ያልገባው ደግሞ ለዱሩ ስንቅና ጥይት ያቀብል ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ዱር ከነበረ ጣሊያን ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ማንን ይገዛ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። እኔ ከተገዙት አንዱ ነኝ።

ሌላ ዓይነት ሰው ደግሞ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሆነ ሆኖ መንገድ ሠርተውልናል» ይላል። ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ በመንገዱ ላይ መኪና ውስጥ ተኝቶ የሄደ ሰው ነው። እኔ መንገዱን የማውቀው ከሥር ነው፤ ከካሚዮን ሆድ በታች በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጆሮዬን ከዱላ ጫፍ ላይ ለጥፌ። በእነዚያ ዓመታት በቁም ነገር የሠራሁት ሥራ ቢኖር አንድ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መፈለግ ነበር። አገኘሁትም። ማግኘቴ ለማንም አልጠቀመም።

ሸዋ ሮቢት የወረድኩት ወድጄ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳይኛ ማወቅ ለጤና የማይስማማበት ወቅት መጣ። የተማረ ሰው ከየቤቱ እየተለቀመ ይወሰድ ጀመር። መጻሕፍቴን በጓሮ ቀብሬ፣ ኮቴን በጋቢ ለውጬ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ገባሁ። እህቴን እትዬ ነበር የምላት። እትዬ ያገባችው ሾፌር ነው። እሱን ደግሞ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ እኔን «ሊቁ» ይለኛል፤ በአክብሮት አልነበረም። ለጎረቤት የተነገረው የሚስቱ ወንድም መሆኔና ራሴን ትንሽ እንደሚያመኝ ብቻ ነው። ማንበብ የሚባል ነገር በእኔ ደጅ እንዳላለፈ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ይህን ያቀልላል። ሮቢት ላይ ከቀትር በኋላ የሚያስብ ሰው አይጠረጠርም፣ የለማ።

ጋሼ የሚነዳው ካሚዮን የአንድ የጥጥ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው መካ ደርሰው የተመለሱ የይፋት ሰው ስለሆኑ እስላሙም ክርስቲያኑም ሐጂ ይላቸዋል። ጋሼ ራሱ የቀወት ገበሬ ልጅ ነው። እርፍ ጨብጦ ያደገበት እጁ መሪ ሲይዝም አልተለወጠም፤ ካሚዮኑን እንደ በሬ ነበር የሚያናግረው። ቁልቁለት ላይ «ቀስ፣ ቀስ የኔ ጌታ» ሲለው ሰምቼዋለሁ። እኔን እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ጀውሃ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ነው። ካሚዮኑ ከነጭነቱ ድንጋይ ላይ ወረደና የኋላ ግራ ባሌስትራው ተሰበረ። ባሌስትራ የሚባለው ከጎማውና ከጭነቱ መካከል ሆኖ የመንገዱን ምት የሚቀበለው፣ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ እርስ በርሱ የተደራረበ ብረት ነው። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን አዲስ ይመጣ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ለመኪና የሚሆን ዕቃ ሁሉ የወታደር ነው፤ አገሬው ሰው ዕቃ ጠየቀ ማለት መጀመሪያ ሰረቀ፣ አሁን ደግሞ ሊጨምር መጣ ማለት ነበር።

ጋሼ ሲዞር ውሎ መፍትሔ ይዞ መጣ። ጦርነቱ ሲጀመር ከአውሮፕላን ተመትቶ ወንዝ ዳር የቀረ የሌላ ነጋዴ ካሚዮን ነበር። ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ጎማውን እረኞች ለጫማ ቆርጠውታል፣ ባሌስትራው ግን ደህና ነው። ፈታው፤ አህያ ላይ ጭኖ አመጣው። ችግሩ ካሚዮኖቹ የአንድ ፋብሪካ አለመሆናቸው ነው። የመጣው ብረት ከተሰበረው በጣት ያህል ይጠባል። ስለዚህ ቅጠል የሚባሉትን ድርብርብ ብረቶች አንድ ላይ አቅፎ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው አክሱል ጋር የሚያስረው ማቀፊያ ብረት ሰፋውና ባሌስትራው በውስጡ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

እዚህ ላይ ጋሼ አባቱ ማረሻ ሲላላበት የሚያደርገውን አደረገ። ከወይራ ሽብልቅ ጠርቦ ክፍተቱን ሞላ። ከዚያ ያልለፋ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተልትሎ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ እርጥቡን ጠፍር በባሌስትራውና በማቀፊያው ላይ እግሩን ተክሎ እየሳበ ጠመጠመው። የቀረውን ለሮቢት ፀሐይ ተወለት። ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል። በነጋታው በመዶሻ ሲመታው እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ብረቱ ግን ንቅንቅ አይልም። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ነካ ነካ አድርጎ አደነቀ። እኔም አደነቅሁ። ሞፈርና ቀንበርን ስንት ዘመን ይዞ የኖረ ነገር ካሚዮን የማይዝበት ምክንያት አልታየኝም።

ሐጂ ዞር ዞር ብለው አዩትና «በሬው ሞቶም ጭነት አልቀረለትም» አሉ።

ካሚዮኑ ጥጥ ጭኖ ወጣ። ጋሼ ሲመለስ ግማሽ ፊቱ አብጦ ነበር። እትዬ በሞቀ ውኃ ስታጥብለት እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ቋ ይላል» አለ።

«ምኑ ነው ቋ የሚለው?»

«ባውቀው እደበደባለሁ?»

ነገሩን ከአፉ ቁራሽ ቁራሽ አድርገን አወጣነው። እስከ ደብረ ሲና ድረስ ካሚዮኑ ጸጥ ብሎ ወጥቷል። ከዚያ በላይ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖቹ ተራራውን በስተው የሠሩት ዋሻ አለ። ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ከወዲያ የሚመጣው እስኪያልቅ የወዲህኛው ተራ ይዞ ይቆማል። ጋሼም ቆመ። ተራው ደርሶ ሲገባ ከግራ ጎማው በላይ ቋ አለ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቋ። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ድምፅ ይወልዳል፤ ካሚዮኑ ራሱ ሳይደርስ ድምፁ ቀድሞ ወዲያ ማዶ ካለው ኬላ ደረሰ። የኬላው ወታደሮች አፈ ሙዝ ደግነው ጠበቁት።

በዚያን ጊዜ ከጥጥ ጭነት ሥር የሚሰማ የብረት ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ጠመንጃ ነው አሉ። ጥጡን በሙሉ ጭቃው ላይ አራገፉት፣ እያንዳንዱን ጆንያ በሳንጃ ወጉት። ምንም አልተገኘም። ምንም ስላልተገኘ ደበደቡት፤ ቢገኝማ ድብደባ ትርፍ ነው። የኬላው ጣሊያናዊ አለቃ በአስተርጓሚ የነገረው ይህን ነበር፦ ሁለተኛ ይህ ካሚዮን እዚህ ዋሻ ውስጥ ቢያንኳኳ አንፈትሽም፤ ሰውየውን እንወስዳለን።

ከዚያ ኬላ የተወሰደ ሰው ሲመለስ ሮቢት አላየችም። እትዬ ፎጣውን ጨምቃ ተነሳችና «እንግዲህ ድምፁን ፈልጉት» አለች። ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁለታችንም ነው ያለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት ከእኔ ሥራ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ፈለግነው። ሮቢት ላይ ግን ድምፁ የለም። ባዶውን ነዳነው፤ ጸጥ። ድንጋይ ጭነን ነዳነው፤ ጸጥ። ከወንዙ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ እያስገባን አወጣነው፤ አጥንታችን ጮኸ እንጂ ካሚዮኑ አልጮኸም። እኔ ከትምህርት ቤት የቀረችኝን ሎጂክ አወጣሁ፦ ሊሆኑ የሚችሉትን ደርድር፣ የማይሆነውን አንድ በአንድ ጣል፣ የተረፈው መልሱ ነው። ቡሎኖቹን አጠበቅን፣ አንድም አልቀረም። ጎማውን የሚያስረውን ዳዶ አየን፣ የጭነቱን ሳንቃ በገመድ አሰርን፣ ከባሌስትራው ጫፍ የሚሰካውን ዘንግ፣ ፔርኖውን፣ አውጥተን ግራሶ ቀብተን መለስን። ጋሼ ሲነዳ እኔ ጭነቱ ላይ በሆዴ ተኝቼ የዱላ አንድ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ሁሉንም ጥዬ ስጨርስ ምንም አልተረፈም። የሎጂክ መጽሐፍ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

አላፊ አግዳሚውም መድኃኒት አዘዘ። አንዱ አክሱሉ ነው አለ፤ አክሱል ምን እንደሆነ ስጠይቀው «እሱን ሾፌሩ ያውቃል» አለ። ሌላው ከሞተ ካሚዮን የተወሰደ ብረት መቼም እረፍት አይኖረውም አለ። ሐጂ ጢማቸውን እየደባበሱ ብዙ አሰቡና እንዲህ አሉ፦

«ያ ዋሻ ሲቆፈር ስንት ሰው ናዳ በልቶታል። ከውስጥ የሚያንኳኩት እነሱ ይሆናሉ። አላህ ይዘንላቸው።»

ከቀረበልን ምርመራ ሁሉ ለእውነት የተጠጋው ይህ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሐጂ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ አመጡ። በመንገድ ሥራው ጋራዥ የሚሠራ፣ ቆዳው በፀሐይ የተላጠ፣ ክፉ የማይመስል ሰውዬ ነው። ካሚዮኑን ራሱ ነድቶ ቦዩ ውስጥ አስገባው፣ አወጣው፣ ወረደና ከሥሩ ገባ። ጠፍሩን ሲያይ ሳቀ። በመዶሻ እጀታ መታው፤ ጠፍሩ እንደ ከበሮ መለሰለት። ደግሞ መታው፤ እንደ ልጅ ደስ አለው። ከዚያ ወጥቶ በጣሊያንኛ ካሚዮኑ ጤነኛ ነው፣ በሽተኞቹ እናንተ ናችሁ አለ። እኔ በፈረንሳይኛዬ ገብቶኛል፤ ግን ፊቴን ደንቆሮ አድርጌ የጋሼን ትርጉም ጠበቅሁ።

«ደህና ነው አለ» አለ ጋሼ። የቀረውን ለራሱ አስቀረው።

ጋሼ በተሰባበረ ጣሊያንኛው ማቀፊያ ብረት ብቻ እንዲሰጠው ለመነው። ሰውየው እጁን ዘረጋ፣ ወደ ጋራዡ አመለከተ፣ ራሱን ነቀነቀ። ለአገሬው ሰው ዕቃ መስጠት ተከልክሏል። እውነቱን ለመናገር ያዘነ ይመስል ነበር። እኔ በሚያዝን ከልካይና በማያዝን ከልካይ መካከል ልዩነት አላየሁም፤ ይህን ስል ሰዎች ይቀየሙኛል።

ድምፁ ሮቢት ካልወረደ እኛ ወደ ድምፁ መውጣት ነበረብን። ሐጂ ደብረ ሲና ገበያ የሚያደርሱት ማሽላ ነበራቸው። ደብረ ሲና ከዋሻው በታች ስለሆነ ኬላ የለበትም። ማሽላውን አራግፈን፣ ገበያተኛ መስለን፣ ወደ ጣርማ በር ጥቂት ከፍ አልንና ዳር ይዘን ቆምን። ጉም ነበር። የጣርማ በርን ጉም ያላየ ሰው ደመና ይለዋል፤ ደመናስ ከላይ ነው። ይሄ ከእግር ሥር ተነስቶ በአንገት ሥር ይገባል። ጋቢዬ ከበደኝ፣ ጢሜ ላይ ውኃ ቋጠረ። ረጅም ሰዓት ቆይተን ጋሼ ሞተሩን ሲያስነሳና ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣ ቋ አለ።

ሁለታችንም ተያየን። እንደ ጠፋ ዘመድ ነበር ያገኘነው። ከሥር ገባሁና እጄን ሰደድኩ። ያ ሮቢት ላይ መዶሻ የሚያነጥረው ጠፍር እንደ ሊጥ ተልፈስፍሷል። ጣቴን ባስገባ ገባልኝ። ቅጠሎቹ ተላቅቀዋል፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ባሌስትራው ወደ ጎን ይንሸራተትና ማቀፊያውን ይጎስመዋል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ጠፍሩ ቆላ ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ደጋ ጉም ሲጠጣ ይላላል። እኛ በሽታውን ስንፈልግ የነበረው በሽታው በሌለበት አገር ነው። እዚያ ጭቃ ላይ ተንጋልዬ ነገሩን ለጋሼ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረዳሁት። ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ይህን ያህል ደስታ የሰጠኝ የለም።

ጋሼ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝ።

«እሺ» አለ። «ታዲያ ምን ይሁን?»

«ምኑ?»

«ሊቁ፣ አገኘኸው። ጎበዝ። ምን ይደረግ ነው የምልህ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ምክንያቱ የታወቀ ነገር መፍትሔውም አብሮ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ የተማሪ ቤት በሽታ ነው። ቁልቁል ስንወርድ ድምፁ ከደብረ ሲና በታች እስካለችው አርማንያ ድረስ አብሮን ወረደ። ከዚያ የቆላው አየር ሲነካው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ሮቢት ስንደርስ ካሚዮኑ እንደ ጨዋ ጸጥ ብሎ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሁሉ መዘርዘር አልችልም። የሮቢትን ቀጥቃጭ ማቀፊያ አሠርተን ቢሆን አንድ ቀን አይፈጅም ነበር። ቀጥቃጩ ግን ጠመንጃ ይጠግናል ተብሎ ከነወናፉ ከተወሰደ ቆይቷል። ሽቦ ቢጠመጠምበትስ አልኩ። ጋሼ ጣቱን ወደ መንገዱ ዳር ቀሰረ። ይፋት ውስጥ አንድ ዓይነት ሽቦ ብቻ ነበር፤ እሱም ከእንጨት ወደ እንጨት የተዘረጋው የስልክ ሽቦ። እሱን የቆረጠ ይሰቀላል። ካሚዮኑ ላይ ተጠምጥሞ የተገኘበት ደግሞ ማን ቆረጠው ብሎ የሚጠይቀው እንኳ የለም።

ውኃ እንዳይጠጣ ሞራ እንቀባው የሚለው ከሐጂ መጣ፤ በበጎ ነበር የመጣው። ሮቢት ላይ ሞራ ሲቀባ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነበረብን። ቀኑን እየቀለጠ ሲንጠባጠብ ዋለ፤ ሲነጋ ብናይ ጅብ ጠፍሩን እስከ ግማሽ ድረስ በልቶታል። ሽብልቁም ላይ ጥርሱ ታትሟል። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩና «ይኸው ደግሞ አንድ መካኒክ» አሉ። ሳቅን። በዚያ ወር የሳቅነው እሱን ብቻ ነው።

ጋሼ አዲስ ጠፍር ዘፍዝፎ ማሰር ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ሐጂ ከአስተዳዳሪው ቢሮ ተመለሱ። ደጅ ላይ ቆመው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ያሽከረክራሉ።

«ጥጥ ይውጣ ብለዋል። ነገ።»

«ካሚዮኑ ታሟል አላሏቸውም?» አለች እትዬ።

«አልኩ፤ ወላሂ ብያለሁ። መካኒካችን አይቶ ደህና ነው ብሏል አሉኝ። እምቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ።»

ካሚዮኑ ቢወጣ ያንኳኳል፣ ካንኳኳ ጋሼ ይወሰዳል። ባይወጣ ሥራ አሰናክሏል ተብሎ ከቤቱ ይወሰዳል። ልዩነቱ በእግር መሄድና በመኪና መሄድ ነው። ደርቆ የሚጠብቅ ጠፍር ይዞ ዋሻው በር ላይ መለወጥ ይቻል እንደሆነ እኔ ጠየቅሁ። ጋሼ ትዕግሥቱን አሰባስቦ መለሰልኝ። ጠፍር እርጥብ ካልሆነ አይታሰርም፣ ካልደረቀ አይጠብቅም፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ የሚደርቅ ነገር የለም።

ያን ያለው እሱ ነው፤ የሰማችው ግን እትዬ ናት። ጓዳ ገብታ የሸክላ ማንደጃዋን ይዛ ወጣች፤ በሌላው እጇ ከሰል የሞላ ከረጢት።

«ፀሐይ ከሌለ ይህን ከሥሩ አድርጉ» አለች።

ጋሼ ማንደጃውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። አንዲት ሴት ለባሏ ስንቅ ስትቋጥር አይቻለሁ። እሳት ስትቋጥርለት ያየሁት ያን ቀን ነው።

በነጋታው ጠፍሩ ታስሮ ከደረቀ በኋላ አብሬው ወጣሁ። እትዬ ሂድ አላለችኝም፣ ቅርም አላለችኝም። ከዋሻው በታች ስንደርስ ተራው ረዝሟል። ጉሙ እንደ ልማዱ ነው። ከፊታችን የጠጠር ጫኝ፣ ከኋላችን የወታደር ቤንዚን የጫኑ ካሚዮኖች ቆመዋል። ጋሼ እጁን ሰዶ ጠፍሩን ነካውና «መላላት ጀምሯል» አለ። ከዚያ ዳር ያዘና ማንደጃውን ከባሌስትራው ሥር አስቀምጦ ከሰሉን አያያዘው። እኔ ከፊት ቆሜ መንገደኛ መስዬ አያለሁ።

ሠራ። ይህን ሳላጎድል መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሠራ። ከሰሉ ሲግም ጠፍሩ መጀመሪያ ተነነ፣ ከዚያ ቀለሙ ጠቆረ፣ ከዚያ ሲሰበሰብ እየተንጫጫ ይሰማ ነበር። ጋሼ ከሥር ሆኖ በቡጢ መታው። ከበሮው ተመልሷል። «ውጣና ናጠው» አለኝ። ጭነቱ ላይ ወጥቼ ባለ በሌለ ክብደቴ ዘለልኩ። ጸጥ። ደግሜ ዘለልኩ። ጸጥ። ጋሼ ከሥር ወጥቶ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ሳቀ።

«ሊቁ፣ ማን ያውቃል፣ ለአንድ ነገር ሳትጠቅም አትቀርም» አለኝ።

ከሰሉን ለማጥፋት ጎንበስ ሲል ነው አንድ ባንዳ ከቤንዚኖቹ በኩል የመጣው። ከጉሙ ውስጥ ጭስ ለይቶ ነው የመጣው፤ ጥሩ ዓይን ነበረው።

«ምን እየጠበስክ ነው?»

«ቆዳ እያደረቅሁ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን?»

«ቆዳ። የባሌስትራው ማሰሪያ ነው። ሲረጥብ ይላላል።»

ባንዳው ማንደጃውን አየ፣ ጥጡን አየ፣ ወደ ኋላው ዞሮ ቤንዚኑን አየ። «ጥጥ ጭነህ፣ ቤንዚን ከኋላህ አቁመህ፣ ዋሻ በር ላይ፣ ቆዳ ታደርቃለህ» አለ። ቀስ ብሎ ነበር ያለው፣ ራሱም ቆጥሮ እንዲገባው ያህል። እንደዚያ ተደርድሮ ሲነገር እኔም ብሆን አላምንም። እውነት በጉም ውስጥ ምን እንደምትመስል ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ፉጨት ተነፋ። ጣሊያናዊው አለቃ ከሌሎች ወታደሮች ጋር መጣ። ጋሼ እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ያንኑ ይደጋግማል፤ ማሰሪያ ነው፣ ሲረጥብ ይላላል። ባንዳው የሚተረጉመው ግን ዋሻውን ሊያቃጥል ሲል ያዝኩት የሚለውን ነው። እኔ ይህን እሰማለሁ። ቋንቋው አለኝ፣ ምክንያቱ አለኝ፣ ከጠፍሩ እስከ ጉሙ ድረስ አስተካክዬ ላስረዳ እችላለሁ። አፌን ከፈትኩ።

ጋሼ አየኝ። ፈረንሳይኛ የሚናገር ጋቢ ለባሽ ከእሳትና ከጥጥ አጠገብ ሲገኝ ምን እንደሚመስል ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል።

«እሱን ተዉት» አላቸው። «መንገድ ላይ ለምኖኝ የጫንኩት ሰው ነው። ደንቆሮ ነው፤ አይሰማም፣ አይናገርም።»

ባንዳው ጆሮዬ ሥር አጨበጨበ። አልዞርኩም። በሰደፍ ገፋኝና ከመንገዱ ዳር ወደ ሣሩ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየኝም። ጋሼን አንድ የወታደር መኪና ላይ ጫኑት፤ ቀና ብሎ ካሚዮኑን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። የሐጂን ካሚዮን ደግሞ ሌላ ሾፌር አዘው ተራው ሲደርስ ወደ ዋሻው አስገቡት።

እኔ ሣሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አዳመጥኩ። ሞተሩ ዋሻው ውስጥ ገባ፣ ድምፁ ወፈረ፣ ራቀ። ያ ዋሻ ምንም አይሸሽግም። ሌላ ነገር ግን አልተሰማም። አንድም ጊዜ ቋ አላለም። ኬላው ጋ ሲቆም እንኳ ፍሬኑ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ማንም አልጮኸም፣ ማንም ጥጥ አላራገፈም። ካሚዮኑ ንጹሕ ሆኖ አለፈ።

በእግሬ ወደ ደብረ ሲና ወረድኩ፣ ከዚያ በጨው ነጋዴ አህዮች ኋላ ሮቢት ገባሁ። እትዬ ደጅ ላይ ነበረች። ብቻዬን ስታየኝ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ጠፋ፤ ተስፋ መሆኑን ያወቅሁት ከጠፋ በኋላ ነው። ውኃ ሰጠችኝ፣ እስክጠጣ ጠበቀች።

«ጮኸ?» አለችኝ።

«አልጮኸም።»

«ከሰሉ አላደረቀውም?»

«አድርቆታል። አንድም ጊዜ አልጮኸም።»

«ታዲያ ለምን ወሰዱት?»

እኔ ለነገር ሁሉ ምክንያት የማቀርብ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬም የሚያኖረኝ ይህ ሥራ ነው። ስለ ማንደጃዋ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። «እንጃ» አልኳት። ያን ቃል ከእኔ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ሐጂ ወደ ኬላውም ወደ አስተዳዳሪውም እየተመላለሱ ለመኑ፤ ቀስ በቀስ መመላለሳቸው በክረምት፣ ከዚያም በበዓል፣ ከዚያም በራሳቸው ሕመም ተቋረጠ። ካሚዮኑን ጣሊያኖቹ አስቀሩት። አልፎ አልፎ በሮቢት ሲያልፍ አየዋለሁ። እውነተኛ ማቀፊያ ብረት አስገብተውለታል፤ ፀሐይ ላይ ያበራል። እትዬ ከቤት አትወጣም ነበር፤ ሞተሩን ከሩቅ ታውቀዋለች፤ እስኪያልፍ የያዘችውን ሥራ ትተዋለች።

ጣሊያን ወጣ፣ እስረኞች ከየቦታው ተመለሱ፣ ጋሼ ከተመለሱት ጋር አልነበረም። የት እንደቀረ የነገረን የለም።

ጋሼ ካሚዮኑን አስሮ ሲሄድ የተረፈው ጠፍር ጓዳው ምሰሶ ላይ ተጠምጥሞ ቆይቶ ነበር። አንድ ሰኔ ላይ የጎረቤት ገበሬ መጥቶ ለቀንበሩ ማሰሪያ እንደጎደለው ለእትዬ ነገራት። ከምሰሶው ፈታችና ሰጠችው። ሰውየው አመስግኖ፣ ጎትቶ ፈትኖ፣ «ደህና ቆዳ ነው» አለ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ አሰረበት፤ ያን ዓመት አረሰበት፤ የሚቀጥለውንም።